በአንድ ፍሬ ክኒን ውስጥ ሦስት መድኃኒት

ጥሊሊ ላይ ራስ ምታት እንደ በሽታ አይቆጠርም። «ራሴን ያዘኝ» ያለ ሰው ሻሽ ጠበቅ አድርጎ ያስራል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ካልተሻለው ልጁን ወደ ሱቅ ይልካል። ልጁም «የራስ ምታት ስጡኝ» ብሎ ከስትሪፑ ተቆርጦ የተሰጠውን ሁለት ፍሬ ይዞ ይመለሳል። የመድኃኒቱ ስምና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ቁራጭ ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ ይቀራል። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት «ምን ክኒን ወሰዱ?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ነጩን» ወይም «ያን ጠንካራውን» የሚል ነበር።

«ጠንካራው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ድብልቅ ክኒን ነው። አንዳንዱ ፓራሲታሞልና ካፌይን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ፓናዶል ኤክስትራ ለምሳሌ በአንዱ ፍሬ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞልና 65 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ኤክሴድሪን ደግሞ ሦስት ነገር ይዟል፦ 250 ሚሊ ግራም አስፕሪን፣ 250 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞልና 65 ሚሊ ግራም ካፌይን። ክኒኑ መጥፎ ነው አልልም። ካፌይን የማስታገሻውን ኃይል ከፍ ያደርገዋል፤ ማይግሬን ላለበት ሰው ድብልቁ በእርግጥ ይረዳል። ችግሩ የሚመጣው በውስጡ ያለውን ሳያውቁ ሲውጡት ነው።

አንዲት እናት ራሷን ሲያማት ድብልቁን ትውጣለች። ጉንፋንም ስለያዛት የጉንፋን ክኒን ትጨምራለች። ማታ ደግሞ እህቷ ከውጭ የላከችላትን ታይለኖል ትደግማለች። በእርሷ ቤት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ወሰደች፤ ለጉበቷ ግን ሦስቱም ፓራሲታሞል ናቸው። አብዛኛው የጉንፋን ክኒን ፓራሲታሞል አለበት፤ በአሜሪካ ዕቃ ላይ «አሴታሚኖፌን» ተብሎ የሚጻፈውም ራሱ ፓራሲታሞል ነው። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሁሉም ተደምሮ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ፍሬ ማለፍ የለበትም። አረቄ የሚያዘወትር ሰው ወይም ጉበቱ የታመመ ከዚያም በታች ነው።

ስለ ቡና ትንሽ ልበል፤ በእኛ አገር ነገሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የለመደ ሰው ካቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ይይዘዋል። ሁዳዴ ሲገባ፣ ወይም በፍልሰታ ከቅዳሴ በፊት ምንም በማይቀመስበት ጊዜ፣ የሚበረታው ራስ ምታት አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ታዲያ ካፌይን ያለበት ክኒን ሲዋጥ ወዲያው ይለቃል፤ ሰውየውም «ይህች መድኃኒት ፍቱን ናት» ይላል። የተሰጠው ግን ያው ቡናው ነው። ከቅዳሴ መልስ እህል ሳይቀምሱ ክኒኑን የሚያስቀድሙ አሉ፤ ክኒኑ አስፕሪን ካለበት ባዶ ጨጓራ ላይ ሲያርፍ ያቆስላል። ጾሙ ከመግባቱ ሳምንት ቀደም ብሎ ስኒውን ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በየቀኑ የሚወስደው ሰው ነው። ድብልቁን በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር ያህል የወሰደ ሰው፣ ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። ጠዋት ይዞት ይነሳል፣ ይውጣል፣ ይለቀዋል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ሲያቆም ለጥቂት ቀናት ይብስበትና ከዚያ ይቀለዋል። የቤታችሁን ሰው ክኒን ሳይሆን ቀን ቁጠሩለት፤ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ይህ ልማድ የት እንደሚያደርስ በስዊድን ሁስክቫርና በምትባል ከተማ ታይቷል። በፈረንጆቹ 1918፣ እኛ የኅዳር በሽታ ብለን የምናስታውሰው ኢንፍሉዌንዛ በገባ ጊዜ፣ የአካባቢው ሐኪም ፌናሴቲን፣ ፌናዞንና ካፌይን የተቀላቀለበት ዱቄት ለሕመምተኞቹ ያዝዝ ነበር። በሽታው አለፈ፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካው ሠራተኞች ግን ዱቄቱን ለአሥርት ዓመታት በየቀኑ መውሰድ ቀጠሉ፣ ለልደት ስጦታ እስከ መስጠት ደረሱ። በኋላ ብዙዎቹ በኩላሊት በሽታ ሞቱ። ፌናሴቲን ዛሬ ከገበያ ወጥቷል፤ አሜሪካ ያገደችው በ1983 ነው።

አያቶች ሆይ፣ ለልብ ተብሎ አነስተኛ አስፕሪን በየቀኑ የምትወስዱ ከሆነ፣ አስፕሪን ያለበትን ድብልቅ ስትጨምሩ የመድማት አደጋው ከፍ ይላል። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ነገ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ደም ግፊት ያለባችሁም ራሳችሁን ሲያማችሁ ክኒኑን ከማስቀደም ግፊታችሁን ተለኩ።

ለልጅ «ግማሹን ስጪው» የሚባለው ነገር መቅረት አለበት። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አስፕሪን ያለሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ሬይ የሚባል ከባድ ሕመም ያመጣል። ፓራሲታሞልም ቢሆን በኪሎው ነው፦ ለአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። 12 ኪሎ ለሆነ ሕፃን ከ120 እስከ 180 መሆኑ ነው፤ የባለ 500ው ግማሽ 250 ይሆናል። ሽሮፑን በመለኪያው መስጠት ነው።

ክኒን የማይነካው ራስ ምታትም አለ። የእኛ አገር ብርድ ነው፤ የዲከረንስ ከሰል ደግሞ በአዊ እንደ ልብ ነው። በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ ያደረ ቤተሰብ ጠዋት ሁሉም ራሱን አሞት፣ አቅለሽልሾት ከተነሳ፣ ሽታ የሌለው የከሰሉ መርዝ ነው። በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣትና ወደ ሕክምና መሄድ እንጂ ክኒን ማከፋፈል አይጠቅምም። ከጃዊ ቆላ ሠርቶ የተመለሰ ልጅ ራስ ምታትና ትኩሳት ከያዘው ለወባ ደሙ ይመርመር።

ድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ አንገት ካደረቀና ትኩሳት ካለው፣ አፍ ወይም እጅ ካሰነፈ፣ ከወደቁ በኋላ ከመጣ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ዓይኗ ብዥ እያለ ካማት፣ ሱቁን አልፋችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስትሄዱ የተዋጠውን ክኒን ስትሪፕ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁራጩም ቢሆን ስሙ ያለበትን በኩል።