ከመርከብ የወረደው መድፍ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የትልልቅ የጦር መርከቦችን አዛዦች እንቅልፍ የነሳቸው ትንሿ የቶርፔዶ ጀልባ ነበረች። ፈጥና ትመጣለች፣ ቶርፔዶዋን ትለቃለች፣ ትሰወራለች፤ ከባዱ መድፍ እስኪጎርስ አትጠብቅም። የጀርመን ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ (ዘመኖቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቀላል ክሩዘሮቹ ላይ የተከለውን 10.5 ሴንቲ ሜትር ፈጣን ተኳሽ መድፍ የወለደው ይህ ስጋት ነው። ጥይቱና ባሩዱ በአንድ የናስ ቀልሃ ተያይዘው ስለሚጎርሱ በደቂቃ እስከ 15 ጊዜ ይተኮስበታል።

ከጥይት ክብደት ይልቅ በፍጥነት የመተማመኑ ስሌት መጀመሪያ የያዘ መሰለ። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1914 ኮኒግስበርግ የተባለችው ክሩዘር በዛንዚባር ወደብ ለጥገና የቆመችውን የእንግሊዟን ፔጋሰስ፣ የፔጋሰስ ጥይት ከማይደርስበት ርቀት ሆና አወደመቻት። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ያንኑ መድፍ የታጠቀችው ኤምደን በኮኮስ ደሴቶች አጠገብ ከአውስትራሊያዋ ሲድኒ ጋር ገጠመች። ኤምደን ቀድማ መታች፤ የሲድኒ 152 ሚሊ ሜትር መድፎች ዒላማቸውን ካገኙ በኋላ ግን ነገሩ አበቃ። ጀርመኖች ክሩዘሮቻቸውን 15 ሴንቲ ሜትር መድፍ ማስታጠቅ የያዙት በጦርነቱ መሀል ነው። በእኔ ግምት ዘግይተዋል፤ እንግሊዞች 152ቱን ሲያበዙ ቀድመው አይተዋልና። ረዘም ያለው የ10.5 ዓይነት ወደ ሰርጓጅ መርከቦች ወረደ።

የመድፉ ታሪክ የሚደምቀው ግን ባሕር ላይ ካበቃለት በኋላ ነው። ኮኒግስበርግ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ በሩፊጂ ወንዝ አፍ ተሸሽጋ ከርማ፣ ጁላይ 11 ቀን 1915 በእንግሊዝ መርከቦች ስትደበደብ የገዛ ሠራተኞቿ አሰመጧት። ውሃው ጥልቅ ስላልነበረ 10ሩም መድፎች ወጡ፤ በዳሬሰላም ሠረገላና መንኮራኩር ተሠርቶላቸው በምሥራቅ አፍሪካ የጀርመንን ቅኝ ግዛት ጦር ይመራ ከነበረው ከሌቶ ፎርቤክ ጋር ዘመቱ። አንዱ ጎትዘን በተባለች መርከብ ላይ ተተክሎ ታንጋኒካ ሐይቅ ድረስ ሄዷል። (መርከቧ በኋላ ሊምባ ተብላ ለአሥርት ዓመታት ተሳፋሪ አመላልሳለች።) በየብስ ላይ መድፎቹን በገመድ የጎተቱት አፍሪካውያን ተሸካሚዎች ናቸው፤ የዘመቻው ተራኪዎች የመኮንኖቹን ብልሃት ሲያወድሱ እነዚህን ሰዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏቸዋል።

መድፉ የተሠራበት ፍጥነት እዚህ እምብዛም አልጠቀመም። የእንግሊዝን እገዳ ሾልከው የገቡ ሁለት መርከቦች ካመጡት በቀር ጥይት የሚተካበት መንገድ ስላልነበረ ተቆጥቦ ይተኮስ ነበር። ዋጋ ያገኘው 12 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የተኩስ ርቀቱ ነው፤ በ1916 በኮንዶዋ ኢራንጊ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች የቀመሱትም ይህንኑ ነው። መድፎቹ አንድ በአንድ ተማረኩ፣ ወይም ጦሩ ሲያፈገፍግ በራሱ ሰዎች ተሰባበሩ። ሌቶ ፎርቤክ በ1917 መጨረሻ ወደ ሞዛምቢክ ሲሻገር አንዱንም አልያዘም። ከተረፉት አንዱ በፕሪቶሪያ የመንግሥት ሕንፃ ግቢ፣ አንዱ በሞምባሳ ፎርት ጂሰስ፣ አንዱም በኡጋንዳዋ ጂንጃ ይገኛል፤ ከኤምደን የተነቀለው ደግሞ ሲድኒ ከተማ፣ ሃይድ ፓርክ ቆሟል።