ከራስ በላይ የሚቆርጥ መጋዝ፦ ግቢ ውስጥ የቴምር ዛፍ ለምትከረክሙ

ዘዳግም 19 ላይ ስለ መማጸኛ ከተሞች ስናነብ አንድ ነገር ቶሎ ብለን እናልፋለን። ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይሄዳሉ፤ አንደኛው ምሳሩን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ጓደኛውን ይገድለዋል። ጠብ የለ፣ ቂም የለ። ሕጉ ለገዳዩ መሸሸጊያ ያዘጋጅለታል፤ የሞተው ግን አይመለስም። እዚያ ታሪክ ውስጥ የተመታው ቆራጩ አይደለም፣ አጠገቡ የቆመው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ዛሬ ስለ ሌላ ዓይነት ምሳር ነው የምጽፈው።

ባለ ረጅም ዘንግ የኤሌክትሪክ መጋዝ ታውቃላችሁ፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ትንሽ ሰንሰለት መጋዝ ያለው፣ መሬት ላይ ቆመን ከራሳችን በላይ ያለውን ቅርንጫፍ የምንቆርጥበት። አንዳንዱ በገመድ ከሶኬት ይሠራል፣ አንዳንዱ በባትሪ። ሙሸይሪብ ውስጥ ፎቅ ላይ የምንሠራ ሰዎች «ይሄ እኛን አይመለከትም» እንል ይሆናል። ግን በዕረፍት ቀን ቤተሰቡ ወደ አያት ቪላ ወይም ወደ እርሻ ሲሄድ እኛንም ይዞ ይሄዳል። እዚያ ግቢ አለ፣ የቴምር ዛፍ አለ፣ «ያላ፣ ያን ደረቅ ቁረጪ» የሚልም አይጠፋም። ዕቃው ቀላል ስለሚመስል ለማንም ይሰጣል። ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ የሚገድለውን ላንሣ፣ ኤሌክትሪኩን። የዚህ መጋዝ ዘንግ፣ ፕላስቲክ ቢመስልም፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ አይከላከልም። ዘንጉ ወይም እየወደቀ ያለው ዝንጣፊ ሽቦ ከነካ ኤሌክትሪኩ በእጃችሁ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። ከተማው መሃል ሽቦው በአብዛኛው መሬት ውስጥ ስለተቀበረ ወደ ላይ ማየት እንረሳለን፤ እርሻ ቦታና ዳር ሰፈር ግን ምሰሶ አለ። ከዚያ ሽቦ ቢያንስ 10 ሜትር ካልራቃችሁ ሥራው የእናንተ አይደለም፣ በቃ። ቪላ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ፈልጉ፤ በዓልና ሠርግ ሲመጣ በቴምሩ ግንድ ላይ የሚጠመጠመውን የመብራት ገመድ። በዓሉ አልፎ ወር ቢሆነውም ገመዱ ዝንጣፊው መሃል ተደብቆ ይቀራል። መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል።

የቀጠር መብራት 240 ቮልት ነው፤ ከአገራችን 220 ትንሽ ይበልጣል እንጂ ሁለቱም ይገድላሉ። ስለዚህ መጋዙ ባለ ገመድ ከሆነ ገመዱን ከሶኬት እስከ ጫፍ በእጃችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ ሂዱበት። የተላጠ፣ በፕላስተር የተጠገነ፣ የተቆረጠና የተቀጠለ ከሆነ አትሰኩት። ኤክስቴንሽኑ ለውጭ ሥራ የሚሆን ወፍራም ይሁን፤ ጥቅል ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፣ ምክንያቱም እንደተጠቀለለ ሲሠራ ይግልና ሊቀልጥ ይችላል። የቴምሩ ሥር ውኃ የሚጠጣበት ጉድጓድ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ባለ ገመድ መጋዝ መያዝ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ማምለጥ ሲጀምር ወዲያው የሚያጠፋ ዓይነት ብሬከር አለ፤ ላዩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው። ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋቱን እንዲያሳያችሁ ሾፌሩን ወይም ባለቤቱን ጠይቁ። ባትሪ ያለው ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ ቢያንስ ገመድ የለውም።

ቀጥሎ የሚወድቀው ነገር ነው። የቴምር ዝንጣፊ ከታች ሲያዩት ላባ ይመስላል፤ ርዝመቱ ግን 3፣ 4 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ሥሩ ላይ ደግሞ እንደ ወፍራም መርፌ የሆነ እሾህ አለው። ሲቆረጥ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ወይ ይወዛወዛል፣ ወይ በዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ወደ ያዘው እጅ ይመጣል። ስለዚህ ከሚቆረጠው ሥር መቆም የለም። ከጎን ቁሙ፣ ዘንጉ ከመሬት ጋር ከ60 ዲግሪ በላይ ቀጥ አይበል፣ ወደ ኋላ የምታፈገፍጉበትን መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ጥረጉ። መሰላል ላይ ወጥቶ ይህን መጋዝ መያዝማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ረጅም ዘንግ የተሠራለት መሰላሉ እንዲቀር እኮ ነው።

አሁን ወደ ዘዳግም ሰውዬ እንመለስ። ግቢው ውስጥ የጓደኛው ቦታ ላይ የሚቆመው ማን ነው? ዝንጣፊ የምትሰበስበው እኅታችሁ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ልጅ። ቢያንስ 15 ሜትር ይራቁ። ልጆች ካሉ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ይዞ ይቀመጥ፤ መጋዝ የያዘ ሰው ልጅ ሊጠብቅ አይችልም። የምትሰበስበው መጋዙ ጠፍቶ ሰንሰለቱ ከቆመ በኋላ ብቻ ትግባ።

አቆራረጡ ረጅም ትምህርት አይደለም። ወፍራም የዛፍ ቅርንጫፍ ከሆነ መጀመሪያ ከሥሩ በኩል ትንሽ፣ ከዚያ ከላይ ይቆረጣል፤ አለዚያ ልጡን ተልትሎ ይወርዳል። በመጋዙ ጫፍ አፍንጫ አትንኩ፣ መልሶ ይወረውረዋል። የቴምር ዛፍ ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ቃጫው ሰንሰለቱ ውስጥ ይጠመጠማል። ያኔ ጣት ማስገባት የለም፤ መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀላል ወይም ባትሪው ይወጣል፣ ከዚያ በብሩሽ ይጸዳል። ሰንሰለቱ ከደነዘም በጉልበት አትግፉት። መክብብ 10 ላይ ጠቢቡ ያለው ይህንኑ ነው፤ የደነዘ ብረት ብዙ ኃይል ይጠይቃል። የሰንሰለቱን ዘይትም ተመልከቱ። የሚቆረጠው ደግሞ የደረቀው ብቻ ነው። ለምለሙ ሲቆረጥ ትኩሱ ቁስል ቀዩን የቴምር ጢንዚዛ ይጠራል፤ እሱ ግንዱ ውስጥ ገብቶ ዛፉን ይጨርሳል። ይህን ለማዳም ብትነግሩ ብዙ ጊዜ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል (እኔ ይሄን ምክንያት ከሁሉም እወደዋለሁ)።

ልብስን በተመለከተ፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ የተዘጋ ጫማ። ጓንት፣ መከላከያ መነጽር፣ ሄልሜት። ሻሽና ሰፊ ቀሚስ ይጠጋጋ፣ ፀጉር ይታሰር። ክረምቱን በሰዓት እንጠንቀቅ፤ በቀጠር ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በአገራችን ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ የውጭ ሥራ የሚከለክል ደንብ ከ2021 ጀምሮ አለ። እኛም ሰዓቱን ለራሳችን መለኪያ እናድርገው። ሲያልበን እጅ ይንሸራተታል፣ ሲያዞረን ዘንጉ ይወድቃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሳይሟላ «ቁረጪ» ቢባልስ? በፈረንጆቹ 2017 የወጣው ቁጥር 15 የቤት ሠራተኞች ሕግ አትክልተኛን፣ ሾፌርን፣ ሞግዚትንና ምግብ አብሳይን በአንድ ላይ ያያቸዋል። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም በሠራተኛ ሕጉ መሠረት ካሣ እንዲከፈል ያዛል። ካሣ ግን ጣት አይመልስም። ስለዚህ ፀብ ሳይሆን ቃል ይቅደም፤ ድምፅ ዝቅ አድርጎ «ማ አዕረፍ፣ ሃዛ ኸጠር» ማለት፣ አላውቅበትም፣ አደገኛ ነው። ብዙ ሰው «አልሠራም» ሲባል ይቆጣል፣ «አላውቅም» ሲባል ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል። ከፍ ያለ የቴምር ዛፍ የሚከረክሙ፣ ገመድና ማሰሪያ ያላቸው ሠራተኞች አሉ፤ በዘንግ ከማይደረሰው ላይ ሥራው የእነሱ ነው።

አደጋ ቢደርስ 999 ደውሉ። መጋዝ ከቆረጠ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ አትልቀቁ። ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው እጃችሁን አትስደዱ፤ መጀመሪያ ብሬከሩ ይጥፋ። የቴምር እሾህ ጣት ወይም ጉልበት ውስጥ ከገባና ከቀናት በኋላ መገጣጠሚያው ካበጠ «ትንሽ ነገር ነው» ብላችሁ አትተኙበት። ለሐኪሙ እሾህ መሆኑን ንገሩት፤ ተሰብሮ የቀረ የዛፍ እሾህ በኤክስሬይ ብዙ ጊዜ ስለማይታይ፣ ካልተነገረው በሌላ ምርመራ አይፈልገውም።