መጸዳጃ ቤት የተደረገችው ክፍል

የነጻነት መግለጫውን የጻፈው ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ቤቱን የሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሞንቲቼሎ በተባለ ኮረብታ ላይ ነው። በቤቱ ደቡባዊ ክንፍ ያለችን አንዲት ጠባብ ክፍል በ1941 የጎብኚዎች መጸዳጃ አደረጓት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ሳሊ ሄሚንግስ ኖራባታለች ተብሎ የሚታመንባት ክፍል ይህች ናት። ስለ ሳሊ የሚተርክ ዐውደ ርእይ ሆና የተከፈተችው በ2018 ነው። መልኳን የሚያሳይ አንድም ሥዕል ስላልተገኘ፣ ታሪኳን የሚነግሩት የልጇ የማዲሰን ቃላት ናቸው።

ጀፈርሰንን አንቱ ብዬ ሳሊን አንቺ ማለቱ ስላልተዋጠልኝ፣ ሁለቱንም ያለ አንቱታ ጽፌአቸዋለሁ።

ሳሊ የጀፈርሰን ባሪያ ነበረች፤ የሚስቱም እህት ነበረች። ከማርታ ጀፈርሰን ጋር በአባት ይገናኛሉ። አባትየው ጆን ዌይልስ በ1773 ሲሞት ማርታ ከመሬቱ ጋር የአባቷን ልጅ ወረሰች። ሳሊ ያኔ ጡት አልጣለችም።

ማርታ በ1782 ሞተች። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጀፈርሰን ፓሪስ አምባሳደር ሳለ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ሳሊ ትንሿን ልጁን ይዛ ባሕር ተሻገረች። በፈረንሳይ ምድር ነጻነቷን መጠየቅ ትችል ነበር። ማዲሰን እንደተናገረው፣ አልመለስም ብላ ነበር፤ የተመለሰችው የምትወልዳቸው ልጆች ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ነጻ እንዲወጡ ቃል አስገብታው ነው። ስትመለስም፣ እሱ እንዳለው፣ ነፍሰ ጡር ነበረች።

በ1802 አንድ የሪችመንድ ጋዜጣ የጀፈርሰንንና የሳሊን ግንኙነት አፈረጠው። ጀፈርሰን በአደባባይ አንዲት ቃል አልመለሰም። የልጅ ልጆቹ ደግሞ ኋላ ላይ የሳሊ ልጆች አባት ጀፈርሰን አይደለም ብለው ጣታቸውን በእህቱ ልጆች ላይ ቀሰሩ። ማዲሰን በ1873 ኦሃዮ ውስጥ አባቴ ጀፈርሰን ነው ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ፤ አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን የባሪያዋን ልጅ ትተው የጌታውን የልጅ ልጆች አመኑ። የሕግ ምሁሯ አኔት ጎርደን-ሪድ በ1997 መጽሐፏ የሞገተችው ይህንኑ አድልዎ ነው። በዓመቱ የዘረመል ምርመራ የሳሊን የመጨረሻ ልጅ የኤስተንን ዘር ከጀፈርሰን ወገን ጋር አገናኘው፤ የእህቱ ልጆችም ከደሙ ነጹ። ምርመራው ብቻውን የትኛው ጀፈርሰን እንደሆነ አይለይም፤ ስለዚህ ወንድሙ ራንዶልፍ ነው የሚሉ አሁንም አሉ። እኔን አላሳመኑኝም፤ በእያንዳንዱ ልጅ መጸነሻ ወቅት ሳሊ ባለችበት ስፍራ የነበረው ቶማስ ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረው ተቋምም በ2000 ወደዚሁ አዘነበለ።

በሞንቲቼሎ ያለው የጀፈርሰን ቤተሰብ የመቃብር ስፍራ ግን የሌላ ማኅበር ነው፤ ከማርታ የተወለዱት ዘሮች ማኅበር። በ2002 ድምፅ ሰጥተው የሳሊን ዘሮች አባልነት ከለከሉ።

ጀፈርሰን በ1826 ሲሞት ማዲሰንና ኤስተን በኑዛዜው ነጻ ወጡ። ዕዳው ግን ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ነበርና፣ በተከታዩ ጥር ብዙ ባሮቹ ለጨረታ ቀረቡ። አንጥረኛው ጆሴፍ ፎሴት ራሱ ነጻ ሊወጣ ኑዛዜው ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ ሚስቱና ልጆቹ ሲሸጡ ቆሞ አየ።

የሳሊ ልጅ ሃሪየት ቀደም ብላ ሄዳ ነበር። የእርሻው አለቃ እንዳስታወሰው፣ በጀፈርሰን ትእዛዝ ሃምሳ ዶላር ሰጥቶ በፈረስ ሠረገላ አሳፈራት። ዋሽንግተን ገብታ ነጭ መስላ ነጭ አገባች። ማዲሰን የባሏን ስም ያውቅ ነበር፤ ለጋዜጣው ግን አልተናገረም። የሃሪየት ዘሮች እስካሁን አልተገኙም።