ቀስ ብሎ ለሚሮጥ ጀማሪ የትኛው ውድድር ይሻላል?

በየቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሩጫ ብዙ ተሰብኳል። ዕብራውያን ምዕራፍ 12 ወይም 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 በተከፈተ ቁጥር አገልጋዩ ስለ ሩጫው፣ ስለ ትዕግሥቱና ስለ አክሊሉ ያስተምረናል፤ እኛም አሜን እንላለን። ነገር ግን በጉባኤው መካከል የመሮጫ ጫማ ያለው ሰው እጁን ያውጣ ቢባል የሚነሣው እጅ ብዙ አይመስለኝም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያኛው ሩጫ ሳይሆን በእግር ስለሚሮጠው ነው። በተለይም ሐኪም "እንቅስቃሴ ያስፈልግሃል" ላለው፣ ከቦሌ ሚካኤል ወይም ከገርጂ ወይም ከሲኤምሲ ማለዳ ተነሥቶ ለጥቂት ሳምንታት ሶምሶማ ለሞከረና አሁን "አንድ ውድድር ብገባስ?" ብሎ ለሚያስብ፣ ነገር ግን ቀርፋፋ መሆኑን ለሚያውቅ ወገን የተጻፈ ነው።

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። ምክንያቱም ሩጫ በእኛ ዘንድ የአበበ ቢቂላ፣ የደራርቱ ቱሉና የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከመገናኛ እስከ ኮተቤና አያት ባለው መንገድ ቱታ ለብሰው ወደ ልምምድ የሚሄዱ ወጣቶችን ያየ ሰው፣ የራሱን ሩጫ ሩጫ ብሎ ለመጥራት ያፍራል። የሰፈር ልጆችም አይተዉትም፤ "አይዞህ ኃይሌ!" እያሉ ይከተሉታል። ስለዚህ ብዙዎቻችንን ከውድድር የሚያስቀረን ድካሙ አይደለም። ሰው እያየን የመጨረሻ መሆን ነው። ይሉኝታው ነው።

ታዲያ ይህን የሚፈራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ምንድን ነው? "ሰው የማይበዛበት፣ ትንሽ ውድድር ፈልጌ ልጀምር" ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሁለት መቶ ሰው በሚሮጥበት ውድድር ላይ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው የለመደ ነው። ከሁለተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ቀርፋፋው ብቻውን ይቀራል። ውኃ የሚያድሉት ልጆች ጠረጴዛቸውን ማጠፍ ይጀምራሉ፤ ትራፊኩም መንገዱን ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ከታክሲዎች ጋር ነው። የክለብ አትሌቶች የሚወዳደሩባቸው የጃንሜዳና የመሳሰሉት ውድድሮች ደግሞ ጨርሶ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጁ አይደሉም። በአንጻሩ ሕዝብ በሞላበት ውድድር ላይ የመጨረሻው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በመሆኑም ቀርፋፋ ጀማሪ ውድድር ሲመርጥ መጠየቅ ያለበት "ርቀቱ ስንት ነው?" ብቻ ሳይሆን "እንደ እኔ ያሉ ስንት ሰዎች ይገኛሉ?" የሚለውን ጭምር ነው።

በዚህ መለኪያ ስንመለከተው ለአዲስ አበባ ነዋሪ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን የሚያህል የለም። ውድድሩ የተጀመረው ኃይሌ በሲድኒ ኦሊምፒክ ሁለተኛውን የ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘ ማግስት ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲካሄድ 10,000 ሰው ተሳተፈበት፤ አንደኛ የወጣውም ራሱ ኃይሌ ነበር። በእንግሊዝ አገር ከሚካሄደው ታላቁ የሰሜን ሩጫ ሐሳብ የተወሰደ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሳታፊው ቁጥር ከ40,000 በላይ ሆኗል። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየዓመቱ በኅዳር ወር በእሑድ ቀን ይካሄዳል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ከፊት የሚሮጡት አትሌቶች ርቀቱን ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። አንድን ኪሎ ሜትር በ9 ደቂቃ የሚሄድ ጀማሪ በ1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይጨርሳል። ጨርሶ ሳይሮጥ በደህና እርምጃ የሚራመድ ሰው ደግሞ ለኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ ቢወስድ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። በዚያ ሕዝብ መካከል በሁለት ሰዓት የሚጨርሰው ብዙ ነው። የሚራመዱ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር እያወሩ የሚሄዱ፣ በየመንገዱ ሙዚቃ ባለበት ሁሉ ቆመው የሚጨፍሩ አሉ። (ጭፈራው የማይመቸው አማኝ ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ያን ቀን ሌላ ቦታ ይፈልግ። ነገር ግን መንገዱ ሰፊ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያልፍን ሰው ማንም አይዘውም።)

አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በብዙ ሕዝብ መካከል መነሻው ላይ ከፊት ለመቆም መጋፋት ለጀማሪ አደገኛ ነው። ፈጣኖቹ በሚነሡበት ስፍራ የቆመ ቀርፋፋ ይገፋል፤ ሊወድቅም ይችላል። ከኋላ ይቁሙ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በግፊያ ምክንያት በእርምጃ ሊያልቅ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ለጀማሪ በረከት ነው፤ ምክንያቱም የአብዛኛው ጀማሪ ችግር መጀመሪያ ላይ መፍጠን ነው።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። ቦሌ አካባቢ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን እስከ እንጦጦ ከተማው እየጨመረ ይሄዳል። በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባልን ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። እዚህ የሚኖር ሰው ለምዶታል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለዕረፍት መጥቶ "እዚያ እኮ 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ" የሚል ወንድም ግን በሁለተኛው ቀን የእዚያውን ፍጥነት እዚህ መሞከር የለበትም። የሩጫው መስመርም ከዓመት ዓመት ቢለዋወጥም ዳገት አያጣውም። ቁልቁለቱ ላይ የቆጠቡት ጉልበት ለዳገቱ ያስፈልጋል። ዳገት ላይ መራመድም ነውር አይደለም።

ለእህቶች ደግሞ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አለ። ሴቶች ቅድሚያ የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በ1996 ዓ.ም. ተጀምሮ በመጋቢት ወር አካባቢ ሲካሄድ ቆይቷል፤ የሚሳተፉትም ከ10,000 በላይ ሴቶች ናቸው። ርቀቱ ግማሽ በመሆኑ ብቻ አይደለም የምመክረው። በመንገድ ላይ ስትሮጥ የሚወረወርባትን ቃል የሰለቸች ሴት፣ ወይም "በምን ልብስ ልውጣ?" ብላ የቀረች እናት፣ እዚያ ከእርሷ ጋር ተመሳሳይ ቲሸርት የለበሱ ሺህ ሴቶችን ታገኛለች። ሰፋ ባለ ልብስ የሚሮጡ አሉ፤ ማንም ዞሮ አያይም። ከመጋቢት እስከ ኅዳር ደግሞ ስምንት ወር አለ። 5 ኪሎ ሜትሩን በመጋቢት የጨረሰች እህት ያለ ጥድፊያ ለ10 ኪሎ ሜትሩ መዘጋጀት ትችላለች። በየአጥቢያው ያሉ የሴቶች ኅብረቶች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው እላለሁ።

ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት ለሚፈልግ ሐዋሳ አለች። በሐይቁ ዳርቻ ከተማ ከሚካሄደው የግማሽ ማራቶን ጋር የ7 ኪሎ ሜትር ሩጫም ሲዘጋጅ ቆይቷል። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ትንፋሽ ከአዲስ አበባ ይሻላል፤ መንገዷም ሜዳ ነው። ፀሐዩ ግን ይከብዳል። ማደሪያውን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ የሌለው ወንጌላዊ አማኝ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አለባቸው፤ እርሱም የጊዜ ገደብ ነው። ለምሳሌ በዋሽንግተን አካባቢ የሚካሄደው የማሪን ኮር ማራቶን እያንዳንዱን ማይል ቢበዛ በ14 ደቂቃ መሄድን ይጠይቃል፤ ወደ 20ኛው ማይል አካባቢ ያለውን ድልድይ በሰዓቱ ያልደረሰ በአውቶቡስ ይሰበሰባል። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሮጥ ሰው አይሆንም። ከዚያ ይልቅ በ2004 እ.ኤ.አ. በለንደን ቡሺ ፓርክ በ13 ሯጮች ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች የተስፋፋው ፓርክረን ይሻላል። 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነጻ ነው፤ ከሁሉ በኋላ የሚራመድ አገልጋይ ስለሚመደብም ከተሳታፊዎች ማንም መጨረሻ አይሆንም። ደግሞም የሚካሄደው ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ መሆኑን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በአገራችን ትልልቆቹ የጎዳና ሩጫዎች የሚካሄዱት እሑድ ጠዋት ነው፤ ይህ ለእኛ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ብዙዎች የሚያነሡት ምሳሌ ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊድል ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሑድ ላይ ስለዋለ አልሮጥም አለ፤ በ400 ሜትር ግን ተወዳድሮ በ47.6 ሰከንድ ወርቅ አገኘ። በማግስቱ ዓመት በሚስዮናዊነት ወደ ቻይና ሄደ፤ በዚያም በ1945 እ.ኤ.አ. በጃፓኖች የእስረኞች ካምፕ ውስጥ አረፈ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልም ነገሩን በመጨረሻው ሰዓት የተወሰነ አስመስሎ ያሳያል። እውነቱ ግን ሊድል ፕሮግራሙን ከወራት በፊት ያውቅ ነበር፤ በእነዚያ ወራትም ለ400 ሜትር ተዘጋጀ።

ከዚህ የምወስደው፣ ውሳኔው ከምዝገባ በፊት መሆን እንዳለበት ነው። እሑድን ለጌታ ብቻ ለይቻለሁ የሚል ወንድም ሊነቀፍ አይገባውም፤ በዓመት አንድ እሑድ ጠዋት ሮጦ በከሰዓቱ ፕሮግራም የሚገኘውም እንዲሁ። ሮሜ ምዕራፍ 14 ቀንን ስለሚለይና ስለማይለይ ሰው የሚናገረው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ይመስለኛል። ተገቢ ያልሆነው ሌላ ነው፤ የሰንበት ትምህርት አስተማሪው ወይም የመዘምራን አባሉ ለማንም ሳይናገር በዚያ ጠዋት መጥፋቱ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ከወር በፊት ተናግሮ ተተኪ ማግኘት ይቻላል። እሑድን ላለመንካት የወሰነ ደግሞ ቅዳሜ ማለዳ ከአጥቢያው ወጣቶች ጋር የራሱን 5 ኪሎ ሜትር ለክቶ ሊሮጥ ይችላል፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

ስለ ዝግጅት ጥቂት ልበል። በቅርቡ ደረቱን የሚወጋው፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ለኅዳሩ ውድድር ከነሐሴ መጀመሪያ ቢጀመር ሦስት ወር ይገኛል፤ ክረምት ቢሆንም። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያም የሩጫውን ደቂቃ ቀስ በቀስ መጨመር። በ1972 እ.ኤ.አ. በሙኒክ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር የሮጠው አሜሪካዊው ጄፍ ጋሎዌይ ይህን የሩጫና የእርምጃ ዘዴ ለብዙ ጀማሪዎች ያስተማረ ሰው ነው፤ የሰነፍ ዘዴ አይደለም። እየሮጡ ማውራት ወይም መጸለይ ካቃትዎ ፈጥነዋል ማለት ነው።

ቦታ አለን። በ2016 ዓ.ም. ከጀመረው የኮሪደር ልማት በኋላ ከቦሌ እስከ መገናኛ ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ የመስቀል አደባባይ ደረጃዎችም በ2013 ዓ.ም. ከታደሰ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ሰው አያጣቸውም። ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ እስከ መስቀል አደባባይ ያለው የቦሌ መንገድ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይህን ደርሶ መልስ በሶምሶማና በእርምጃ ያለ ችግር የሸፈነ ሰው 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳል። በጨለማ ግን አይውጡ፤ ውሻው ብቻ ይበቃል።

ከእኛ ኑሮ ጋር የሚጋጩ ሁለት ነገሮች አሉ። በጾም ጸሎት ቀን፣ በተለይም ውኃ ሳይጠጣ የሚጾም ሰው፣ ረጅም ልምምድ አያድርግ። ዓርብ ሌሊት አዳር ጸሎት ያሳለፈም ቅዳሜ ማለዳ ይተኛ፤ ልምምዱ ሰኞ ይደርሳል።

ምዝገባው ከውድድሩ ወራት ቀደም ብሎ ስለሚከፈትና ቦታው ስለሚያልቅ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። በዕለቱ አዲስ ጫማ አያድርጉ። መስቀል አደባባይ ዙሪያ ያሉት መንገዶች ዝግ ስለሚሆኑ ከቦሌ፣ ከገርጂና ከመገናኛ የሚመጣ ሰው የመጨረሻውን ርቀት በእግሩ እንደሚሄድ አስቦ በጊዜ ይነሣ። ከቤተሰብ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ከአደባባዩ ራቅ አድርገው ይቅጠሩ፤ ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ቲሸርት ለብሶ ሰው መፈለግ አይሞከርም። ሲጨርሱም ታክሲ ቶሎ አይገኝም፤ የሚለበስ ሹራብና ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብ ከሚጠብቅዎ ሰው ዘንድ ይኑር።