ውሃ ሲሞቅ ስፍራ ይፈልጋል

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና፣ የወግዲ፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋዎች ብርዱ የበረታ ስለ ሆነ፣ የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ፣ ማለትም ቦይለር፣ ለሆቴልም ለመኖሪያ ቤትም የሚፈለግ ዕቃ ነው። ሻጩ ግን የዕቃውን ዋጋና የሊትሩን ልክ ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ማወቅ ይገባዋል። ቦይለሩ ሲሞቅ ከደኅንነት ቫልቩ ውሃ ይንጠባጠባል። ገዢውም ዕቃው የተበላሸ መስሎት ይመልሰዋል፤ ወይም ከዚህ የከፋውን አድርጎ ቫልቩን ይደፍነዋል።

የመንጠባጠቡ ምክንያት ግልጽ ነው። ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነሥቶ 65 ዲግሪ የደረሰ 80 ሊትር ውሃ መጠኑ በአንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይጨምራል። በመግቢያው ላይ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ካለ ትርፉ ውሃ መሄጃ ያጣል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል። የደኅንነት ቫልቩ የሚያንጠባጥበው ይህንኑ ለማስተንፈስ ነው።

ቫልቩን መድፈን ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በመካነ ሰላም ከፍታ በድስት የተጣደ ውሃ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ግን የሙቀት መቆጣጠሪያው ከተበላሸ፣ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ቦይለሩ በተሰነጠቀ ጊዜ ከውሃው ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል።

ለመንጠባጠቡ መፍትሔው ኤክስፓንሽን ታንክ የተባለው ዕቃ ነው። ይኸውም በውስጡ የላስቲክ ሽፋን ያለው ትንሽ የብረት ታንክ ሲሆን፣ በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ውሃ ይይዛል። ውሃው ሲሰፋ አየሩ ይጨመቅለታል። የቤቱ ግፊት 3 ባር ከሆነ ለ80 ሊትር ቦይለር ከ5 እስከ 8 ሊትር የሚይዝ ታንክ ይበቃል።

አገጣጠሙም እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ኤሌክትሪኩና ውሃው ይዘጋሉ። ታንኩ ከቧንቧው ከመያያዙ በፊት የአየሩ ግፊት ከቤቱ የውሃ ግፊት ጋር እኩል ይደረጋል፤ ፓምፕ ያለበት ቤት ከሆነ ልኩ ፓምፑ ሲያቆም የሚታየው ግፊት ነው። የአየሩ መግቢያ የመኪና ጎማ ቫልቭ ስለሚመስል የጎሚስታ መንፊያና መለኪያ ያገለግላል። ከዚያም ታንኩ በቀዝቃዛው መስመር ላይ፣ በማይመልሰው ቫልቭና በቦይለሩ መካከል ይገጠማል። የደኅንነት ቫልቩ ፈጽሞ አይነሣም፤ በእርሱና በቦይለሩ፣ እንዲሁም በታንኩና በቦይለሩ መካከል የሚዘጋ ቫልቭ አይገባም።

ይሁን እንጂ ታንኩ ለሁሉም ቤት አያስፈልግም። ውሃው ጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ በሚወርድበትና መስመሩ በማይመልስ ቫልቭ ባልተዘጋበት ቤት ትርፉ ውሃ ወደ ሮቶው ይመለሳል። ቫልቩ ቦይለሩ ቀዝቅዞም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የቫልቩ ወይም የመስመሩ ግፊት ብዛት ነው፤ ታንክ አያድነውም።

ስለዚህ አስመጪው ከቦይለሩ ጋር የደኅንነት ቫልቭና ታንክ አብሮ ቢያስመጣ፣ ባለሱቁም የገዢውን የውሃ መስመር ጠይቆ ቢሸጥ መልካም ነው። ከደሴ በአቀስታ በኩል ተጭኖ የመጣን ዕቃ መመለስ ለሁለቱም ኪሳራ ነው፤ የተደፈነ ቫልቭ የሚያስከትለውን ጉዳት ግን የሚክስ ትርፍ የለም።