«እግዚአብሔር ይመስገን» ስንል

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ብሎ የጠየቀዎት ሰው ነበር? ምን ብለው መለሱለት? «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንዳሉ አልጠራጠርም። ምናልባት ሌሊቱን ልጅዎ በትኩሳት ሲቃጠል አድሮ ይሆናል። ምናልባትም የቤት ኪራይ ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶዎት ይሆናል። ቢሆንም ከአፍዎ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ምስጋና ነው።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገበያ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው በየተራ ይጠያየቃሉ። በየመልሱም ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አለ። ያዘነው ሰው እንኳ መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ችግሩን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ የወንጌል አማኞች አንዳንድ ጊዜ ይህን «ልማድ ብቻ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እስቲ ራሳችንን እንመርምር። በእሁድ ጉባኤ የምስክርነት ጊዜ ሲሰጥ ቪዛ ያገኘው፣ ሥራ የተቀጠረው፣ ከሕመሙ የተፈወሰው ይነሣል። መልካም ነው፤ ይነሣ! ነገር ግን ዝናቡ በጊዜው ስለ መጣለት፣ ልጆቹ በልተው ስለ ተኙለት ተነሥቶ ያመሰገነ ሰው የሰማነው መቼ ነው?

ከማንኪያ በርበሬ በስተጀርባ

የቡሬ አካባቢ በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው። ገበሬው መጀመሪያ ችግኙን በመደብ ላይ ያፈላል። ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳው ያዛውረዋል፤ ይኮተኩታል፤ ያርማል። ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ዝናቡ ከቀረም ይጠወልጋል። ፍሬው ሲቀላ ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ በጆንያ ተሞልቶ ገበያ ይወጣል። እናቶች ደግሞ ቀንጥሰው፣ ደልዘውና ቅመሙን ጨምረው ያስፈጩታል። እርስዎ ዛሬ በወጥዎ ላይ የጨመሩት አንድ ማንኪያ በርበሬ ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ነው።

ሙሴ በዘዳግም ምዕራፍ 8 ለሕዝቡ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ስለ ረኃብ ዘመን ብቻ አልነበረም። እርሱን ይበልጥ ያሳሰበው የጥጋብ ዘመን ነበር። ሰው በልቶ ሲጠግብ፣ ቤት ሠርቶ ሲቀመጥ፣ ይህን ያገኘሁት በገዛ ጉልበቴ ነው ሊል ይችላልና። ምስጋና ከዚህ መርሳት ይጠብቀናል።

የሰላም መንገድ ሰላም ሲያጣ

ይሁን እንጂ ለማመስገን የሚከብድ ጊዜ አለ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬ በማዳበሪያ እጥረት ተጨንቆ ነበር። በዚያው ክረምት በክልሉ ጦርነት ተነሣ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ። በክልሉ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ፤ መንገዶች በየጊዜው ተዘጉ፤ ብዙ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀሩ። ልጇን የቀበረችን እናት «አመስግኚ» ማለት እንችላለን?

ውድ ወገኔ፤ እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥18 በሁሉ እንድናመሰግን ያዛል። ነገር ግን ክፉውን መልካም ብለን እንድንጠራው አላዘዘም። እንዲያውም ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5፥20 እንዲህ የሚያደርጉትን ወዮላቸው ይላል። ሞት ሞት ነው፤ ግፍም ግፍ ነው። ጌታ ኢየሱስ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል። በዚያው መቃብር ፊት ደግሞ አባቱን አመስግኗል (ዮሐንስ 11፥35 እና 41)። እንባውና ምስጋናው አልተጣሉም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ያንብቡ። 276 ሰዎች የተሳፈሩበት መርከብ ለ14 ቀናት በማዕበል ሲንገላታ፣ እስረኛው ጳውሎስ እንጀራ ያዘና በሁሉም ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ቆርሶም በላ። ጳውሎስ ማዕበሉን አላመሰገነበትም። ያመሰገነው በማዕበሉ መካከል በእጁ ስለ ነበረው እንጀራ ነው። ማዕበሉም ወዲያው ጸጥ አላለም፤ መርከቡም አልተረፈም። ነገር ግን የፈሩት ተጽናንተው በሉ፤ ሁሉም በሕይወት ወደ ምድር ወጡ። እንግዲህ ላዘነችው እናት የሚያስፈልጋት ስብከታችን አይደለም። አብሯት የሚያለቅስ፣ እርሷ መናገር ሲያቅታትም ስለ እርሷ የሚጸልይ ወዳጅ ነው።

ከነገ ጠዋት ጀምሮ

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ነገ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ በልብዎ «ስለ ምን?» ብለው ይጠይቁና አንድ ነገር በስሙ ይጥሩ፤ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ በሰላም ስለ ገባው ልጅ፣ ስለ ነጋው ሌሊት።

ሁለተኛ፣ በማዕድ ዙሪያ ልጆችዎ በየተራ አንድ የምስጋና ምክንያት ይናገሩ። ትንሿ ልጅ ስለ ድመቷ ብታመሰግን አይሳቁባት! ያረሰውን፣ የፈጨውንና የጋገረውን ሰውም በጸሎት ያስቡ።

ሦስተኛ፣ ምስጋናዎ እጅ ይኑረው። በዘዳግም 26 እስራኤላዊው የምድሩን በኩራት ካቀረበ በኋላ ከሌዋዊውና ከስደተኛው ጋር እንዲደሰት ታዝዟል። ከመንደርዎ ተፈናቅሎ የመጣ ጎረቤት ካለ፣ የእርስዎን «ተመስገን» የሚያውቀው በሚያካፍሉት እንጀራ ነው።

አራተኛ፣ ዛሬ ልብዎ ከተሰበረ አስቀድመው ያልቅሱ። ዕንባቆም መጽሐፉን የጀመረው በአቤቱታ ነው። በመጨረሻ ግን ዛፉ ፍሬ ባይሰጥ፣ እርሻው ባይመግብ፣ በጋጣው ከብት ባይገኝ እንኳ በአምላኩ ደስ እንደሚለው ተናገረ። ለጎጃም ገበሬ ይህ በሚገባ ይገባዋል፦ በቆሎው ባያፈራ፣ በርበሬው በማሳው ቢደርቅ፣ በሬው ከበረቱ ቢታጣ፣ እግዚአብሔር ግን አለ።

ወገኔ ሆይ፤ ነገ ጠዋት አንድ ሰው «እንዴት አደሩ?» ይልዎታል። መልሱ ከጥንት ጀምሮ በአፍዎ ላይ ነው። በልብዎም ይሁን። የሰላም አምላክ ለምድራችን ሰላሙን ይስጥልን፤ አሜን።