ሰነቲን በመኪና፣ ሰነቲን በእግር፦ የባሌ ተራሮችን ጉዞ ለጀማሪዎች ስለ ማቀድ

ከጎባ ከተማ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሰነቲን አምባ ሲያቋርጥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ ተሽከርካሪ ከሚመላለስባቸው የአፍሪካ መንገዶች ይህን የሚያህል ከፍታ ያለው የለም። ከዚሁ መንገድ ተገንጥሎ የሚወጣ ሌላ መንገድ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን የቱሉ ዲምቱን ጫፍ በመኪና ያስረግጣል። በሌሎች አገሮች ይህን የመሰለ ከፍታ ለማየት የቀናት የእግር ጉዞ የሚጠይቅ ሲሆን፣ እዚህ ግን ጎባ ላይ ቁርሱን የበላ ሰው ምሳው ሳይደርስ ጫፉ ላይ ሊቆም ይችላል። ለጀማሪ ተጓዥ ትልቅ ዕድል ነው። የጉዞው አደጋ የሚመነጨውም ከዚሁ ምቾት ነው፤ መኪናው የሚወጣበትን ፍጥነት የሰው አካል ሊከተለው አይችልምና።

በዚህ ጽሑፍ ለዕረፍት ጊዜያቸው ወደ ባሌ ለመሄድ ለሚያስቡ ተማሪዎች፣ የት ቆሞ ማየት፣ የትኛውን መንገድ በእግር መሄድ፣ በተለይም የት ማደር እንደሚገባ ከሳይንሱ ጋር አያይዘን ለማስረዳት እንሞክራለን። የማደሪያውን ጉዳይ ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጀመሪያ የአየሩን ነገር እንመልከት። ከፍታ ሲጨምር በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ይቀንሳል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ድርሻው ግን በሰመራም ሆነ በቱሉ ዲምቱ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያለውን ግፊት 100 ብንል፣ በሰመራ 95፣ በአዲስ አበባ 75፣ በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 60 ያህል ይሆናል። ግፊቱ ባነሰ መጠን በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገቡት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ቁጥር ያንሳል፤ ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋቸው ኃይልም እንዲሁ።

አካላችን ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ውስጥ አንድ እንቅፋት አለ። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ኦክስጅን ከማስገባቱ በተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከልክ በላይ ያስወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ አሲድ የሚፈጥር በመሆኑ፣ ሲያንስ የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፤ በዚህን ጊዜ አእምሮ «ትንፋሹ በዛ፣ ይቀነስ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። አንዱ ሥርዓት ተንፍስ ሲል ሌላው ይከለክላል ማለት ነው። ይህን ግጭት የሚያስታርቀው ኩላሊት ነው። ባይካርቦኔትን በሽንት እያስወጣ የደሙን ሚዛን ቀስ በቀስ ይመልሰዋል፤ ከፍታ ላይ የወጣ ሰው ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የኩላሊት ሥራ ግን ቀናትን ይወስዳል። ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳትን ማምረት ደግሞ ሳምንታትን ይጠይቃል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር ጉልበትና ከፍታን መልመድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። በትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ኳስ የሚጫወት ጠንካራ ወጣት ኩላሊቱ ከሌላው ሰው ፈጥኖ አይሠራለትም። እንዲያውም እንዲህ ያለው ተጓዥ ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ ቢያመውም ከጓደኞቹ ፊት መናገር ስለሚያፍር፣ ከሌሎቹ ይልቅ ለከፍታ ሕመም ሲጋለጥ ይታያል።

የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚከሰት ሲሆን፣ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። ቀላል ሆኖ ሲገኝ ባሉበት ከፍታ ማረፍ ይበቃል። ነገር ግን ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ቀጥ ባለ መስመር ላይ አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያስቀደመ እንዲራመድ ሲጠየቅ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ነገሩ ከሳንባ ወይም ከአንጎል እብጠት ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል የሰዓታት ጉዳይ ነው። ዋናው መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን መውረድ። ከሰነቲ ወደ ጎባ ሲወረድ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ይቀነሳል፤ ጎባ ላይ ሆስፒታል አለ። ስለዚህ ወደ አምባው የሚወጣ ቡድን መኪናውን አሰናብቶ መቅረት የለበትም።

እንግዲህ ወደ ዕቅዱ እንምጣ። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ቦታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ልብ እንበል፤ የሚቆጠረው ቀን የተወጣበት ሳይሆን ሌሊት የታደረበት ነው። ስንተኛ ትንፋሻችን ስለሚዘገይ የኦክስጅን እጥረቱ የሚከፋው በሌሊት ነው። የባሌ መልክዓ ምድር ለዚህ መርሕ የተመቸ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በአዳባ አድርጎ መጀመሪያ የሚያገኘው 3,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘውን ዲንሾን፣ የፓርኩን ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። ከዚያ መንገዱ 2,500 ሜትር ወደሚሆነው ወደ ሮቤ ይወርዳል። ዲንሾ ላይ ወርዶ ጥቂት ሰዓት በእግር ተንሸራሽሮ፣ ማታ ሮቤ ወይም ጎባ ገብቶ የሚያድር ሰው «ከፍ ብለህ ዋል፣ ዝቅ ብለህ እደር» የሚለውን ምክር ሳያውቀው ፈጸመው ማለት ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ዲንሾ ላይ ቢያድርም ብዙ አይከብደውም። ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ ወይም ከአፋር የሚመጣ ጓደኛ ካለ ግን ዕቅዱ በእርሱ ልክ ይሰፋ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሰላ ላይ ማሳለፍ ይገባዋል።

አሰላን ያነሳነው በአዳማ በኩል ያለውን መንገድ ስለምንመርጥ ነው። በሻሸመኔ የሚያልፈው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ያሳያል፤ የአርሲው ግን ከአዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እየወጣ፣ የጭላሎንና የካካን ተራሮች እያሳየ በቆጂ ያደርሳል። በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ አንድ ሻይ ጠጥቶ መነሳት ተገቢ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚሁ አካባቢ የተገኙ ናቸው። ከፍታው ለሯጭ ምን ያህል እንደሚረዳ ዛሬም የሚያከራክር ቢሆንም፣ ከተማዋን ያዩ ሰዎች ጥያቄው ከመጽሐፍ ወጥቶ በእግሩ የሚሄድ ይሆንባቸዋል። ከመነሳት በፊት የመንገዱን የወቅቱን ጸጥታ ከሚያውቁ ሰዎች ማጣራት በየትኛውም አቅጣጫ የግድ ነው።

ዲንሾ ላይ የመግቢያ ክፍያ ተፈጽሞ የአካባቢው አስጎብኚ ይያዛል። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ያለው የጽድና የኮሶ ደን ለመጀመሪያ ቀን እጅግ ተስማሚ ነው፤ መሬቱ የሚከብድ አቀበት የለውም። የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ሰውን ብዙም ሳይሸሹ ይታያሉ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አይገኝም፤ የሳይንስ ስም የተሰጠውም በ1910 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው። በአቅራቢያው ያለው የጋይሳይ ሜዳም እንዲሁ ለጀማሪ የሚሆን ነው።

የእግር ጉዞ ሰዓት ለመገመት በ1892 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ ያወጣው ቀላል ስሌት ዛሬም ያገለግላል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በተጨማሪም ለየ600 ሜትሩ አቀበት አንድ ሰዓት። ለምሳሌ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ ግን ዝቅ ባለ አገር ለለመደ ተጓዥ ነው። በ4,000 ሜትር ላይ፣ ለጀማሪ፣ ፎቶግራፍ ለሚያነሳ ቡድን፣ ግማሹን ጨምረን ወደ 4 ሰዓት ብናደርገው አናጋንንም። የሚለካውም በመጨረሻው ሰው እርምጃ ነው። እየሄዱ ማውራት ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።

ሰነቲ የሚወጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ ሮቤ ላይ 20 ዲግሪ ከሆነ ቱሉ ዲምቱ ላይ 8 ገደማ ይሆናል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ከዚያም በታች ይሰማል። ዝናብ በማይበዛባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ለጉዞ ይመረጣሉ። ነገር ግን ደመና የሌለው ሰማይ ሙቀትን እንደ ብርድ ልብስ አይዝም፤ ስለዚህ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርደው በእነዚሁ ወራት ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ብርድ ነው ብሎ ያለ ባርኔጣ የዋለ ሰው ማታ ፊቱ ተቃጥሎ ይገኛል። ለብርዱ ብለው አረቄ የሚይዙ አሉ። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች በማስፋት ለጊዜው የሙቀት ስሜት ቢሰጥም የአካልን ሙቀት ወደ ውጭ ያባክናል፤ በእንቅልፍ ጊዜም ትንፋሽን ያዳክማል። ውኃ በ4,000 ሜትር ላይ የሚፈላው በ87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምስርና ባቄላ ቶሎ አይበስሉም። ከዚህ አንጻር የአባቶቻችን የመንገድ ስንቅ፣ በሶና ቆሎ፣ ከብዙ የታሸገ ምግብ የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን።

በአምባው ላይ ቀኑ በጋ፣ ሌሊቱ ክረምት ነው ቢባል ያስኬዳል። ጅብራ ይህን በየቀኑ የሚፈራረቅ ወቅት የሚቋቋመው ማታ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ለጋውን እንቡጥ ከውርጭ በመጠበቅ ነው። ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያም ይሞታል። ቀይ ቀበሮን ለማየት ግን በሌሊት መነሳት አያስፈልግም። ዋና ምግቡ የሆኑት ግዙፍ ፍልፈልና ሌሎች አይጦች ፀሐይ ስትሞቅ የሚወጡ በመሆናቸው እርሱም የሚያድነው በቀን ነው። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል እንኳ የማይሞሉ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው። ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ1991፣ በ2003ና በ2008 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ለቀበሮ ምግብ መወርወር፣ በመኪናም በፍጥነት መንዳት ከእኛ የሚጠበቅ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ሊያስደንቀን የሚገባው ግን በዌብ ሸለቆ አካባቢ የሚገኘው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ነው ብለን እናምናለን። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት በነበረው ጊዜ ሰዎች በዚህ 3,469 ሜትር ከፍታ ባለው ሥፍራ እየተመላለሱ ይኖሩ እንደነበር አመልክቷል። ያን ጊዜ የባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ግግር በረዶ የነበረባቸው ናቸው፤ ዛሬ በሰነቲ ላይ የምናያቸው በመስመር የተደረደሩ ድንጋዮችም የዚያ ቅዝቃዜ አሻራ ናቸው። የዋሻው ሰዎች ዋና ምግብ የተጠበሰ ግዙፍ ፍልፈል ነበር። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ኦብሲዲያን የተባለ መስታወት መሳይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ሥፍራ ያመጡ ነበር። እኛ በመኪና ወጥተን ራሳችንን የሚያመን ቦታ ለእነርሱ የሥራ መዋያ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው።

ጊዜና ጤና የፈቀደለት ቡድን ከሰነቲ ወደ ጎባ ከመመለሱ በፊት እስከ አምባው ደቡባዊ ጫፍ ቢዘልቅ ይመረጣል። መሬቱ እዚያ በድንገት ይቆረጥና የሐረና ደን ከእግር በታች ይዘረጋል። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥበት ያዘለ ነፋስ ተራራውን ሲገጥም ወደ ላይ ተገፍቶ ስለሚቀዘቅዝ ዝናቡን በዚህ ወገን ያራግፋል። በዚህም ምክንያት ከላይ በሽበት የተሸፈነ የሚመስል አስታ፣ ዝቅ ሲል ቀርከሃ፣ ከዚያም በታች ሰው ያልተከለው የጫካ ቡና ይገኛል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከሸለቆው ተነስቶ ሁሉን ነገር ስለሚሸፍን፣ ከጫፉ ላይ መድረስ የሚገባው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ነው።